በጋጣ ውስጥ ስላለው አየር

በመርካቶ ሠፈር ላም ይታለባል ስል የሚስቁብኝ የክፍል ጓደኞች አሉ። እነርሱ መርካቶን የሚያውቁት በጨርቅና በብረታ ብረት ተራው ነው። ነገር ግን ከሱቆቹ ጀርባ፣ በአዲስ ከተማ ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ በቆርቆሮ በታጠሩ ጥቂት ግቢዎች ላም የሚያረቡ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ አያቴም ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ሁለት ላሞችና አንዲት ጥጃ አሏቸው፤ የእኔም ደብተርና ጫማ የሚገዛው ከወተቱ ነው። ጋጣው አያቴና ታናሽ እኅቴ ከሚተኙበት ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ፣ የላሞቹ አየር የእኛም አየር ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት ጥጃዋ ትስል ጀመር። አያቴም «ብርድ ነው የመታት» ብለው፣ በግድግዳውና በጣራው መካከል የነበረውን ክፍተት በማዳበሪያ ከረጢትና በላስቲክ አስወተፉት። ሳሉ ባሰ። እኅቴም ሌሊት ሌሊት መሳል ጀመረች። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ጥጃዋን ሳይነካ ወደ ላይ ቀና ብሎ የተወተፈውን አየና «ይህ ይነሣ» አለ። አያቴ አልተስማሙም። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ «እርሱ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል፤ ከብቷን ግን ለብርድ ስጧት ይላል» አሉ። እንግዲህ ማን ልክ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ይባላል። አንዲት ላም በቀን 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ትሸናለች፤ በሽንቱም ውስጥ ዩሪያ አለ። ገበሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ነጭ ማዳበሪያም ይኸው ዩሪያ ነው፤ ብቻውን አይሸትም። በእበት ውስጥ ደግሞ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚሠሩት ዩሪየስ የተባለ ኢንዛይም ይገኛል። ሽንትና እበት በወለል ላይ በተገናኙ ጊዜ ይህ ኢንዛይም ዩሪያን ከውሃ ጋር አዋሕዶ ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ሁለቱ ቶሎ ከተለያዩ አሞኒያው ይቀንሳል። ላሟ እንደ ኑግ ፋጉሎ ያለ ፕሮቲን የበዛበት መኖ ከልክ በላይ ስትበላም፣ ትርፉ ናይትሮጂን ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። አያቴ ፋጉሎውን በውድ ዋጋ የሚገዙት ለወተት ብለው ነው፤ ከገንዘባቸው ጥቂቱ ግን በዚህ መንገድ ወለሉ ላይ ይፈስሳል።

አሞኒያ በውሃ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሟሟ እርጥብ የሆኑትን ዓይን፣ አፍንጫና ጉሮሮ ያቃጥላል። በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አቧራና ጀርም ጠርገው የሚያወጡት ረቂቅ ጸጉሮችም ይደክማሉ፤ ያን ጊዜ የሳንባ በሽታ መንገድ ያገኛል። በአሜሪካ የሥራ ጤና ሊቃውንት፣ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት በሚውልበት ቦታ አሞኒያ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 25 እጅ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ሠራተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጥጃ ግን የምትሄድበት የላትም።

መምህራችን አሞኒያ ቀይ የሊትመስ ወረቀትን ወደ ሰማያዊ እንደሚለውጥ በቤተ ሙከራ አሳይተውን ስለ ነበር፣ ጥቂት ወረቀት ለመንኋቸው። በማለዳ የጋጣው በር ሳይከፈት ገብቼ፣ አንዱን እርጥብ ወረቀት ጥጃዋ ስትተኛ አፍንጫዋ በሚያርፍበት፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ፣ ሌላውን በራሴ ቁመት ያዝሁ። የታችኛው ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ የላይኛው ዘገየ። አሞኒያ ከአየር የቀለለ ስለ ሆነ ከላይ ይበዛል ብዬ ጠብቄ ነበርና ገረመኝ። መምህሬ ግን ምንጩ ወለሉ ስለ ሆነ በምንጩ አጠገብ ይበዛል አሉኝ። ሰው ቆሞ «ሽታው ያን ያህል አይደለም» ሲል፣ ተኝታ ያለችው ጥጃ የምትስበው ሌላ አየር ነው። ወረቀቱን ለአያቴ አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው አዩት።

ብርዱስ? የላም ጨጓራ ምግቡን ሲያብላላ እንደ ምድጃ ይሞቃል። በተለይ የፍሪዥያን ዘር ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ለአገራችን 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለግሦ ነበር። ደረቅ ጉዝጓዝ ያላትን እንዲህ ያለች ላም የአዲስ አበባ ሌሊት አይጎዳትም። ጥጃ ግን ቶሎ ይበርዳታል፤ በዚህ አያቴ ልክ ናቸው። ነገር ግን አንዲት ላም በትንፋሿና በቆዳዋ በቀን 10 ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየር ትለቃለች። ይህ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ በቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጉዝጓዙም ይርሳል፤ እርጥብ ላይ የተኛች ጥጃ ደግሞ ይበልጥ ትበርዳለች። ለብርድ ተብሎ የተወተፈው ብርዱን አመጣ ማለት ነው።

ሌሎች ጋዞችም አሉ። ላም በግሣቷ በቀን ከ250 እስከ 500 ሊትር ሜቴን ታወጣለች። በጋጣ ውስጥ ባይጎዳንም፣ ሙቀት በመያዝ በ100 ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 ጊዜ ያህል ይበልጣልና፣ 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት ላላት አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ተዘግቶ የሰነበተ የእበት ጉድጓድ ሲማሰል የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ሲያንስ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ምንም የሌለ ይመስላል። በውጭ አገሮች አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ሞቷል። ስለዚህ ወደዚህ ዓይነት ጉድጓድ ማንም ዘልሎ አይግባ።

ሐኪሙ በሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በተዘጋ ጋጣ ከላም ወደ ላም በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ ወደ ሰውም ባልተፈላ ወተት እንደሚደርስ ነገረን። አያቴም በመጨረሻ «እንግዲያው የላዩ ይከፈት፤ የታቹ ግን ይዘጋ» ብለው ፈረዱ። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን ከእርሳቸው አፍ መውጣት ነበረበት። ነፋሱ አሁን ከጥጃዋ በላይ ያልፋል። ወለሉንም በሲሚንቶ ወደ አንድ ጎን ጥቂት አዘንብለን ቦይ አወጣንለት፤ ሽንቱ ከእበቱ ተለይቶ ክዳን ወዳለው ባልዲ ይወርዳል። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ደግሜ ብይዘው አሁንም ሰማያዊ ሆነ፤ ግን ቆይቶ ነው።

ጥጃዋ ሳሉን ትታለች፤ በሐኪሙ መድኃኒት ይሁን በአየሩ ለመለየት አልችልም። የእኅቴም ሳል ቀንሷል፤ ከጎናችን ያለው የማድ ቤት ጢስ ግን አሁንም አለ። ባልዲውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት የማወጣው እኔ ስለ ሆንሁ፣ አንዳንድ ቀን በክፍላችን ውስጥ አንድ ነገር ቢሸት ጓደኞቼ ከእንግዲህ ምክንያቱን ያውቁታል።