የውጅግራ ጥይት በጣና ዳር፦ የቀለሃ ምልክትና የዘመን ስሌት

ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። የጥይቱ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ኋላ ከመጣው የቤልጅግ ማውዘር 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ነው፤ ጥቁር ባሩዱም ተኳሹን በጭስ ያጋልጣል። ይሁን እንጂ በደንገል ተከልሎ ከቅርብ ለሚተኩስ የሐይቅ ዳር አዳኝ ከባዱ እርሳስ የሚያንስ አይደለም።

ተፈላጊነቱ ያልቀነሰበት ዋና ምክንያት ግን ጉልበቱ አይደለም። የናስ ቀለሃው ከተተኮሰ በኋላ ተሰብስቦ፣ አዲስ ቀስቃሽ፣ አገር ውስጥ ሊዘጋጅ የሚችል ጥቁር ባሩድና በእጅ የቀለጠ እርሳስ ተጨምሮበት ዳግም ይሞላል። ጥይቱ በብዙ ገበያዎችም ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል። ለአደን፣ ለጦርነት፣ ለግብይት፦ «ሁለገብ» መባሉ እዚህ ላይ ለወግ ያህል አይደለም።

የተመራማሪው ችግር የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። በቀለሃው ቂጥ የተቀረጸው ዓመት የተሠራበትን እንጂ የተተኮሰበትን ጊዜ አይናገርም። በጣና ዳር የተገኘ አንድ ቀለሃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ዓድዋ በዘመቱበት በ1888 ዓ.ም. ተተኩሶ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በአርበኛ እጅ ዳግም ሊተኮስ ይችላል። ስለዚህ የናሱ አንገት መስፋት፣ በቀስቃሹ ጎድጓዳ ዙሪያ ያለው ጭረትና አብሮት የተገኘው ቁስ ከፋብሪካው ምልክት ቀድመው ሊመረመሩ ይገባል።