ዳገትና የአዛውንት ልብ

በክረምቱ ዕረፍት ከጉና ግርጌ ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ከሴት አያቴ ጋር ስንወጣ ሦስት ጊዜ ቆሙ። በሦስተኛው ደንግጬ «እምዬ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላቸው «አላመመኝም ልጄ፤ የቸኮለው ያንተ እግር ነው» አሉኝ። ቤት ገብተን ቡናው እስኪፈላ ካረፍን በኋላ የእጃቸውን የደም ሥር ይዤ ብቆጥር በደቂቃ 72 ሆነ። የእኔ 70 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ልብ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ጊዜ ያህል ይመታል። የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ ባብዛኛው ከ60 እስከ 100 ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ጤነኛ ሰው ሲያረጅ እምብዛም አይለወጥም። ዝቅ የሚለው ጣሪያው ነው። ከ220 ላይ ዕድሜን ብንቀንስ ልብ በከባድ ድካም ጊዜ የሚደርስበትን ከፍተኛ ምት በግምት እናገኛለን (ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል)። ስለዚህ የ20 ዓመቱ ወጣት 200፣ የ70 ዓመቱ አዛውንት 150 ይደርሳሉ። ሁለቱም ከ70 ቢነሡ ለወጣቱ 130፣ ለአዛውንቱ 80 ተጨማሪ ምት ይቀራቸዋል። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ዳገት ግን ያወጣዋል።

ምክንያቱስ? የልብን ምት የሚያስነሡት ሴሎች በቁጥር ይቀንሳሉ። አድሬናሊን የሚባለው የሰውነት ቅመም «ፍጠን» ሲለው ልብ እንደ ድሮው አይታዘዝም። ትልቁ የደም ቧንቧ እየደረቀ ሲሄድም የልብ ግራ ክፍል ግድግዳ በመጠኑ ይወፍራል፣ ቀስ ብሎም ይላላል። ያም ሆኖ ጤነኛ ልብ መላ አያጣም፤ የላይኛው ክፍል አጥብቆ እየገፋ የታችኛውን በደም ይሞላዋል።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው ይጨመራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ይበልጣል። አየሩ ስስ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

ይሁንና ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነው፤ በ40 ዓመቱም በሙኒክ ሦስተኛ ወጥቷል። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዳላስ፣ አሜሪካ፣ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ ቆዩ። ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመሩ፣ የሰውነታቸውን የሥራ አቅም ይበልጥ የጎዳው ሠላሳው ዓመት ሳይሆን ሦስቱ ሳምንት ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ለምንጎለት ተማሪዎች ይህ ደስ የሚል ወሬ አይደለም!

የደረት ሕመም፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ ራስን መሳት ግን በእርጅና የሚሳበቡ አይደሉም፤ የበሽታ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያሻል። እኛ ጤነኛውን አዛውንት «ፍጠኑ» እንላለን፤ እግሩ ያበጠውን ደግሞ «አርጅቶ ነው» ብለን እንተወዋለን።

በሳምንቱ ያንኑ ዳገት ስንወጣ አያቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሙ፤ እሱም ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ለመለዋወጥ ነበር።