የሞዴል ሄሊኮፕተር ሞተር ካርቡሬተር አገጣጠምና ማስተካከያ፦ በከፍተኛ ቦታ እርስ በርስ የሚጋረዱ ሁለት ስሕተቶች

መግቢያ

በሜታኖል የሚሠራ ባለ ሁለት ምት የሞዴል ሄሊኮፕተር ሞተር ቅባት የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ከተደባለቀው ዘይት ነው። ስለዚህ የሚገባው ነዳጅ ሲያንስ ሙቀቱ ከመጨመሩም በላይ ቅባቱ ይጎድላል። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ከፊት በሚመጣ ነፋስ ሲቀዘቅዝ፣ ባለበት የሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር ግን በራሱ ሞተር በሚሽከረከር ማራገቢያ ብቻ ይቀዘቅዛል። በጥቂት ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢቆም በሰላም ለማረፍ የሚቀረው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የካርቡሬተሩ መገጣጠሚያ አየር አለማሳለፉ ሳይረጋገጥ መርፌ ማስተካከል ለምን እንደሚያሳስት ማሳየት ነው።

የስሕተቶቹ ተቃራኒ አቅጣጫ

የአየር ጥግግት ሲቀንስ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሚሳበው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው በጥግግቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። አዲስ አበባ በምትገኝበት 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በስታንዳርድ ከባቢ አየር ስሌት፣ ጥግግቱ በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። በባሕር ጠለል የተስተካከለ መርፌ ሳይነካ ቢቀር በድብልቁ ውስጥ የነዳጁ ድርሻ ከአየሩ አንጻር 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታንኩ ከማርሚታው ግፊት የሚያገኝ በመሆኑ ይህ ቁጥር አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ ቁርጥ ልክ አይደለም።

በአንጻሩ በካርቡሬተሩ አንገት ሥር የሚሾልክ አየር የነዳጁን ድርሻ ያሳንሳል። የአየር በሩ በሰፊው ሲከፈት የሾለከው አየር ከጠቅላላው ጥቂት ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ስለሆነም በከፍተኛ ቦታ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ደኅና መስሎ በዝቅተኛ ዙር ይዋዥቃል። የዝቅተኛ ዙር መርፌውን በመክፈት ምልክቱን ማጥፋት ይቻላል፤ ቀዳዳው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ብሎኑ በንዝረት ሲላላም ድብልቁ በበረራ መካከል ይለወጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የጎማ ቀለበቱ ያልደረቀና ያልተሰነጠቀ መሆኑ ይታያል። ካርቡሬተሩ ወደ ታች ተጭኖ እንደተያዘ ብሎኖቹ ተራ በተራ ይጠብቃሉ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ አካሉን አጣሞ የአየር በሩን ሊያስይዘው ይችላል። ሞተሩ ቆሞ፣ የነዳጅ መግቢያውና የጢስ መውጫው ተደፍነው፣ በካርቡሬተሩ አፍ በቱቦ ሲነፋ በመገጣጠሚያው ላይ የተቀባው የሳሙና ውሃ አረፋ ካወጣ አየር ያሾልካል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሰርቮው ዘንግ የአየር በሩን ሳይጨናነቅ እስከ ጫፍ መክፈቱና መዝጋቱ ይረጋገጣል። ከዚያም ዋናው መርፌ ነዳጅ ከበዛበት ወገን ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት ይዘጋል፤ በየመካከሉም በጭነት ወደ ላይ በመውጣት ይፈተናል። የዝቅተኛ ዙር መርፌ የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው፤ ዋናው መርፌ በሁሉም ዙር ላይ ተጽዕኖ አለውና።

ማጠቃለያ

ቀጭን አየር የሚወስደውን ኃይል መርፌ አይመልሰውም። የጎደለውን ኃይል ፍለጋ መርፌውን አብዝቶ መዝጋት ሞተሩን ለቃጠሎ ይዳርጋል። እንግዲህ የመርፌ ማስተካከያ ሊታመን የሚችለው መገጣጠሚያው አየር የማያሳልፍ መሆኑ አስቀድሞ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።