5040፦ ብዙ ቤት ያለቀሪ የሚካፈለው ቁጥር

አንድ የቀበሌ መጋዘን 50 ኩንታል ከ40 ኪሎ ዘር ስንዴ ገባለት እንበል። በኪሎ ስንጽፈው 5040 ነው፤ አምስት ሺህ አርባ ተብሎ ይነበባል። ዜሮዎቹን ልብ በሏቸው። ጸሐፊው እጁ ስቶ 5400 ቢጽፍ 360 ኪሎ ስንዴ በወረቀት ላይ ብቻ በቀለ ማለት ነው። እኛም ይህን ሒሳብ ስንሠራ አንድ ጊዜ ዜሮዋን ያለቦታዋ አስቀምጠናታል።

አሁን ዘሩን እናካፍል። ለ2 ቤት ቢሆን ለእያንዳንዱ 2520 ኪሎ ይደርሳል፤ ለ7 ቤት 720፣ ለ9 ቤት 560 ኪሎ ነው። ከ1 እስከ 10 ላለው ቁጥር ሁሉ ምንም ሳይተርፍ ይካፈላል። ለ12 ቤት 420፣ ለ35 ቤት 144፣ ለ63 ቤት 80 ኪሎ ነው። 5040ን ያለቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች 60 ናቸው። ከእሱ በታች ካሉት ቁጥሮች ይህን ያህል አካፋይ ያለው አንድም የለም።

ይህ የሆነው ቁጥሩ ከተሠራበት ነገር የተነሳ ነው። 1ን በ2፣ ያንን በ3፣ ከዚያም በ4፣ በ5፣ በ6፣ በመጨረሻም በ7 እያባዛችሁ ሂዱ፤ 5040 ይመጣል። 7ን በ8፣ በ9 እና በ10 ብታባዙትም እዚያው ያደርሳችኋል።

11 ላይ ግን እንቢ ይላል። ለ11 ቤት 458 ኪሎ ደርሶ 2 ኪሎ ይተርፋል። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ትርፉ የማን እንደሚሆን መስማማት ያለብን ሚዛኑ ሳይሰቀል ነው።

የግሪኩ ሊቅ አፍላጦን፣ ፕላቶ የሚባለው፣ ከ2300 ዓመት በፊት ይህን ቁጥር አስቦበታል። «ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ ለአንድ አዲስ ከተማ መሬት ሲደለድል ባለመሬቶቹ 5040 ይሁኑ አለ። ምክንያቱም ለጦርነትም ለሰላምም ሥራ ሕዝቡን በየቡድኑ ለመመደብ ይመቻል። ጠፍ መሬት ለደረሰው ስፋቱ ይጨመርለት፣ ለም መሬት ለደረሰው ይቀነስ ብሎም ጽፏል። ይህ ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን እርሻውን የሚያርሱት ባሮች ነበሩ፤ እነሱ ከ5040ዎቹ ውስጥ አልተቆጠሩም። እንዲህ ያለውን ድልድል እኛ እኩል ነው አንለውም።

ወደ መጋዘናችን እንመለስ። ከዘሩ አንዲት ኪሎ ብትጎድል 5039 ይሆናል። ይህን ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለቀሪ የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ለ35 ቤት ብናካፍለው 143 ኪሎ ይደርስና 34 ኪሎ ይተርፋል። የጎደለችው አንዲት ኪሎ ናት፤ ያለባለቤት የቀረው ግን 34 ኪሎ ሆነ! ይህን ጊዜ ተካፋዮቹ ቀሪው የት እንደሚገባ መጠየቅ አለባቸው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ማካፈል ማወቅ ያስፈልጋል። በ5040 ላይ አንድ ኪሎ ቢጨመር ደግሞ 5041 ይሆናል። ይህም ለ71 ቤት 71 ኪሎ እያደረሰ ያልቃል።

መልመጃ፦ በመንደራችሁ ያሉትን ቤቶች ቁጠሩና 5040ን አካፍሉበት። ስንት ደረሰ? ስንት ተረፈ?