በሞተር ብስክሌት ዘይት ውስጥ ስለሚገኝ የብረት ብናኝ

ሞተር ብስክሌት፥ ሕዝቡም በድምፁ ዶቅዶቄ ብሎ የሰየመው መሣሪያ፥ ለከተማ ልጅ መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ለወገዳና ለአካባቢዋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት ይዋሰናል፤ በደቡብ ደግሞ ዓባይና በሽሎ በጥልቅ ሸለቆ ያጥሩታል። ከደጋው አፋፍ እስከ ቆላው ወንዝ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ ለመድረስ የሚነሣ የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ፥ መኪና በማይገባበት መንገድ የሚጓዘው በእግሩ፥ በበቅሎ ወይም በሞተር ብስክሌት ነው። ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ቍልቍል የሚወርድ ሰው ሞተሩ ነክሶ ቢቆምበት፥ የሚጎዳው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ብቻ አይደለም። በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱ ይበላሻል፤ ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚጠብቁ እናቶችም እንደ መጡ ይመለሳሉ።

ከእኛም መካከል ትምህርቱን ጨርሶ እንዲህ ባለ ወረዳ የሚሠራ አይጠፋም። ስለዚህ ሞተር ከመሞቱ በፊት የሚሰጠውን ምልክት ማንበብ ለመካኒክ ብቻ የተተወ ሙያ ሊሆን አይገባም። ከምልክቶቹም ዋናው ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ከዝቃጩ ጋር የሚወጣው የብረት ብናኝ ነው።

1ኛ፤ ብናኙ ከወዴት ይመጣል?

ሁለት ብረቶች ሲፋተጉ በመካከላቸው ያለው ስስ የዘይት ሽፋን እንዳይነካኩ ይለያያቸዋል። ሞተሩ ሲነሣ፥ ሙቀት ሲበዛ ወይም ጭነት ሲከብድ ግን ሽፋኑ ይሳሳል፤ ብረትም ብረትን ይልጣል። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ፒተር ጆስት የመሩት ኮሚቴ ለብሪታንያ መንግሥት ባቀረበው ዘገባ፥ ፍትጊያና መበላት በአገር ሀብት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ቀላል አለመሆኑን ገልጦ፥ ለጥናቱም «ትራይቦሎጂ» የሚል ስም አወጣለት።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ሞተሩ፥ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚጠጡት አንዱን ዘይት ነው። ስለዚህ ብናኙ ከሦስቱ ከየትኛውም ሊመጣ ይችላል። ቱ ስትሮክ የሚባለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ፒስተኑ የሚለሰልሰው ከቤንዚን ጋር በሚገባው ዘይት ስለሆነ፥ ከታች የሚፈስሰው የካምቢዮና የፍሪሲዮን ዘይት ብቻ ነው። በእርሱ ውስጥ ብረት ቢገኝ ጥርጣሬው ከማርሾቹና ከኩሽኔታዎቹ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሞተር ከየትኛው ወገን ነው?» የሚል ነው።

2ኛ፤ መጠኑ ምን ይናገራል?

ጤነኛ ሞተርም ብረት ያወጣል። በተለይ አዲስ ወይም ታድሶ የተገጠመ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ክፍሎቹ እስኪላመዱ ድረስ ዘይቱን በሚያብረቀርቅ ብናኝ ይሞላዋል። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ እንዲቀየር የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ከጤነኛ ፍትጊያ የሚወጣው ቅንጣት በአብዛኛው ከ15 ማይክሮን አይበልጥም። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ ጤነኛው ብናኝ ነጠላ ነጠላውን በዓይን አይታይም፤ ተሰብስቦ በማግኔት ላይ እንደ ግራጫ ጭቃ ወይም እንደ ጥላሸት ሆኖ ይታያል እንጂ። ከዚህ የሚከተለው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ጠርዝ ያለው ስባሪ ወይም ቅርፊት በዓይን ከታየ፥ ከጤነኛው መጠን እጅግ ያለፈ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው።

በታላላቅ አገሮች የባቡርና የአውሮፕላን መሥሪያ ቤቶች ዘይቱን ወደ ላቦራቶሪ ልከው በስፔክትሮሜትር ያስመረምራሉ። ነገር ግን ይህ መሣሪያ በደንብ የሚለካው ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጠውን ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ትልልቁ ስባሪ ያመልጠዋል። ለዚህም በአውሮፕላን ሞተሮች የዘይት መንገድ ላይ ስባሪ የሚይዝ ማግኔት ይገጠማል። ስለዚህ በወገዳ አንድ ሰው ነጭ ጨርቅና ማግኔት ይዞ ዘይቱን ቢመረምር፥ የሚሠራው ሥራ በአውሮፕላን ጥገና ቤት ከሚሠራው ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

3ኛ፤ ዓይነቱስ?

ሀ) ማግኔት የሚይዘው ብረት ወይም አረብ ብረት ነው። ከማርሽ ጥርስ፥ ከኩሽኔታ ወይም ከቫልቭ ማንሻው ዘንግ ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ቅርፊት ከሆነ ብረቱ በድካም ብዛት መላጥ መጀመሩን ያሳያል።

ለ) ነጭ ሆኖ ማግኔት የማይዘው አሉሚኒየም ነው። ከፒስተን ወይም ከሞተሩ አካል ይመጣል። ነገር ግን እንደ ምላጭ ጭረት የተጠቀለለ አንድ ሁለት ቀጭን ክር ብቻ ከሆነ፥ ምናልባት ማፍሰሻው ቡሎን በብዙ ጊዜ መጥበቅ የላጠው ጥርስ ይሆናል። ሞተሩን ከመፍታት በፊት ቡሎኑን ማየት ይበጃል።

ሐ) ቢጫ ወይም ቀይ የሚመታው ነሐስ ነው። ምንጩ ዘንግ የሚያርፍባቸው ነሐስ ነክ ክፍሎች ናቸው። ጥቂትም ቢሆን በቀላሉ አይታይም።

መ) ጥቍር ሆኖ በጣት ሲታሸ የሚፈርሰው የፍሪሲዮን ሸማ ነው፤ ብረት አይደለም። የጉርኒሲዮን ማጣበቂያ ቍራጭም ብዙ ሰው ያስደነግጣል።

4ኛ፤ የአገሩ ጠባይ

በኮረኮንች መንገድ የሚነሣው አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም ሳይጸዳ ከቆየ ይህ አሸዋ ገብቶ ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር በሆነ ስፍራ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ሳይቃጠል የቀረውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሦስተኛው ቍልቍለቱ ነው። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚሰጠው ባለ ሁለት ምት ሞተር ጋዙ ተዘግቶ ረጅም ቍልቍለት ሲወርድ፥ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን በፍጥነት ይሽከረከራል። ወደ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ ነጂ አልፎ አልፎ ጋዝ መስጠት ያለበት ስለዚህ ነው።

5ኛ፤ አመራመሩና ፍርዱ

ሞተሩን ጥቂት አሙቀህ አጥፋው፤ ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ ላይ አፍስሰው። ፈሳሹን በነጭ ጨርቅ አጥልለህ የቀረውን ከእሳት ርቀህ በጥቂት ቤንዚን እጠበው። በፀሐይ ብርሃን ተመልከተው፤ ማግኔት አስጠጋበት። ፊልትሮውን ወይም ወንፊቱን አውጥተህ እጥፋቱን ፈትሽ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ውኃ ገብቷል። ያገኘኸውንም በወረቀት ጠቅልለህ ቀኑንና የተነዳውን ኪሎ ሜትር ጻፍበት።

ፍርዱም በሦስት ይከፈላል። ግራጫ ጭቃ ብቻ ከሆነ አዲስ ዘይት ሞልቶ ሥራን መቀጠል ነው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከወትሮው በዝቶ፥ ስባሪ ግን ከሌለና ድምፁም ካልተለወጠ፥ ዘይቱን ቀይሮ በቅርብ መንገድ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ማፍሰስና ከፊተኛው ወረቀት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ከቀነሰ መልካም፥ ከጨመረ ግን ይቁም። ቅርፊት፥ የጥርስ ስባሪ ወይም የነሐስ ቅንጣት ከታየ፥ ወይም ብናኙ ከሚያንኳኳ ድምፅ ጋር ከመጣ፥ ሞተሩ ሳይፈታ አንድ ኪሎ ሜትርም መነዳት የለበትም።

ብዙ ጊዜ አስቸጋሪው ይህን የመጨረሻውን ፍርድ ማክበር ነው። ሥራው አጣዳፊ ነው፤ አለቃው «ዘይት ሞልታችሁ ሂዱ» ይላል፤ መለዋወጫውም ከሩቅ ይመጣል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ኩሽኔታ ለመለወጥ የተነፈገ ገንዘብ ነገ ሙሉ ሞተር ያስከፍላል፤ በቍልቍለት ላይ የኋላው ጎማ በድንገት ቢያዝ ደግሞ የነጂውን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ቅርፊት ግን «ይመስለኛል» ከሚል ቃል ይልቅ በአለቃ ጠረጴዛ ላይ ትከራከራለች። የተማረ ሰው ከሌላው ሊለይ የሚገባውም ያየውን መዝግቦ፥ በማስረጃ ተናግሮ፥ በተናገረውም ጸንቶ በመቆሙ ነው።