የስደተኛው ቀለብና የእኛ ዘካ



ዓለም አንድ መንደር ሆናለች ይሉናል። ለወርቅ እውነት ነው፤ ከቤኒሻንጉል ምድር የሚወጣ ወርቅ ድንበር ተሻግሮ ገዢውን ያገኛል። በኩርሙክ በኩል ነፍሱን ይዞ የሚገባው ሱዳናዊ ግን የዚህች መንደር ነዋሪ አይባልም።

የአሶሳ ሕዝብ ለስደተኛ እንግዳ አይደለም። የሼርኮሌ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ቶንጎና ባምባሲ ተከተሉት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሌሎች መጡ። በርታ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለሚኖር፣ ስደተኛ የምንለው ብዙ ጊዜ የአንዱ ቤት ዘመድ ነው። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ከካማሺ የተፈናቀሉትም አሉ።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና አሜሪካ «እህሉ እየተዘረፈ ነው» ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። የስደተኞቹም ቀለብ እስከ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ተቋረጠ። ሌባ ይጠየቅ፣ ተገቢ ነው። የሼርኮሌ ሕፃን ግን ምን ሰረቀ? ቀለቡ በሮምና በዋሽንግተን ስለሚወሰን የሚጠይቀው እንኳ የለውም።

«ይህ የመንግሥትና የዩኤን ጉዳይ ነው፣ ሃይማኖት አይግባበት» የሚሉ ወንድሞች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። የተራበን ማብላት ግን ጣልቃ ገብነት ሆኖ አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ስለሰጠው ውል መፈረምም፣ ስለ ስደተኛ ፖሊሲ ሐሳብ ማቅረብም ይችላል። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ከቆጠራቸው ስምንት የዘካ ባለመብቶች ውስጥ ድሃውም መንገደኛውም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩ ዘካ ከአገሩ ሀብታም ተወስዶ ለአገሩ ድሃ እንዲመለስ ነው ያዘዙት።

ሙስሊም ላልሆነውስ? አብዛኞቹ ፉቀሃዎች ዘካን ለሙስሊም ይወስናሉ፤ የሰደቃ በር ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሰሓቦችን ሲያስጠጋ ነጃሺ ክርስቲያን ንጉሥ እንደነበር እኛ ሐበሾች ልንረሳ አይገባም።

እንግዲህ አንድ የአሶሳ ነጋዴ ዘካውን ቆጥሮ ለሼርኮሌ ላድርስ ቢል ለማን ያስረክብ? ለሕዝብ የሚነበብ መዝገብ ያለው ኮሚቴ፣ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር የተፈረመ ስምምነት፣ እህሉ መድረሱን የሚያይ ሰው ያስፈልጉታል። ይህ ደግሞ ረመዳን ከገባ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም።