የጋራው መዝገብ አልከፈት ሲል

የዕቃ መዝገቡን በሰርቨር የሚያኖር ነጋዴ፣ የጋራው ድራይቭ ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር አልከፈት ሲለው ሽያጩ ይቆማል። ስለዚህ ምርመራው በተራ መሆን ይገባዋል።

አንደኛ፤ የኔትወርኩ ገመድ መሰካቱንና ሰርቨሩ መሥራቱን ማየት ነው። ሁለተኛ፤ ሰርቨሩን በስሙ ፈንታ በአይፒ ቁጥሩ መጥራት ነው፤ በቁጥሩ ከተከፈተ ጉድለቱ ከስሙ ነው። ሦስተኛ፤ በቁጥሩም እንቢ ካለ፣ ፋየርዎል 445ኛውን ፖርት ዘግቶ እንደሆነ መመርመር ነው። አራተኛ፤ የይለፍ ቃሉ ተለውጦ ከሆነ፣ በኮምፒዩተሩ የተቀመጠውን አሮጌ ቃል ደምስሶ አዲሱን ማስገባት ነው።

ሰርቨሩ ያረጀ እንደሆነ ግን፣ ምናልባት የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን የመገናኛ ደንብ ብቻ ይሆናል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት 2009 ዓ.ም. የተዛመተው በዚሁ ደንብ ቀዳዳ ነው፤ አዲሶቹ ዊንዶውሶችም ደንቡን ዘግተው ይመጣሉ። ይህን በር መልሶ መክፈት መዝገቡን ለሌባ ማጋለጥ ስለሆነ፣ ሰርቨሩን ማደስ ይሻላል።